3 ቁጥርን ማን ያየዋል? የራግቢ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች የሚገባቸውን ክብር ስላላገኙ የራግቢ ተጫዋቾች የሚያነሱ ናቸው። የምናወራው በ15 ሰው ስለሚጫወተው ራግቢ ዩኒየን ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቹም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ራግቢ ሲነሳ ዳን ካርተር፣ ጆኒ ዊልኪንሰን፣ አንትዋን ዱፖን ይባላል። በእናንተ ዓይን ከሁሉም በላይ ስሙ ያልተነሳለት ተጫዋች ማን ነው? ለምን?

አንድ ስም ብቻ ጥሩ ከተባልን ሪቻርድ ሂል እንላለን፤ የእንግሊዝ 6 ቁጥር። ለአገሩ 71 ጊዜ ተሰልፏል፣ በ1997፣ በ2001 እና በ2005 ከብሪታንያና አየርላንድ ምርጦች ከተውጣጣው ቡድን፣ ከላየንስ፣ ጋር ተጉዟል፣ በ2003 የዓለም ዋንጫ አንስቷል። ሆኖም የዚያ የእንግሊዝ ቡድን የኋላ ረድፍ (6፣ 7 እና 8 ቁጥሮች) ሲወራ መጀመሪያ የሚጠራው ኳስ ይዞ የሚያርሰው ላውረንስ ዳላልዮ ነው፤ ቀጥሎ መሬት ላይ ኳስ የሚነጥቀው ኒል ባክ። ሂል ሦስተኛ ነው። ባክ ኳስ የሚነጥቀው ግን አንድ ሰው ቀድሞ የባላጋራውን እግር በእጁ አቅፎ በትክክለኛው አቅጣጫ ሲጥልለት ነው። ዳላልዮም የሚያርሰው ከፊቱ የነበረው ራክ (መሬት ላይ ባለ ኳስ ዙሪያ የሚደረግ ግፊያ) ውስጥ አንድ ሰው ገብቶ መንገዱን ካጸዳለት በኋላ ነው። ያ ሰው ብዙውን ጊዜ ሂል ነበር።

እንዲህ ያለውን ተጫዋች ዋጋ ማወቂያው አንዱ መንገድ ሲወጣ የሚሆነውን ማየት ነው። በ2001 ላየንስ አውስትራሊያን በመጀመሪያው ጨዋታ 29 ለ 13 አሸነፈ። በሁለተኛው ጨዋታ ሜልበርን ላይ እስከ እረፍት 11 ለ 6 ይመራ ነበር። ሂል ከእረፍት በፊት ጭንቅላቱን ተመትቶ ወጣ። ከእረፍት በኋላ አውስትራሊያ 29 ነጥብ ስታስቆጥር ላየንስ ያገኘው 3 ብቻ ነው፤ ጨዋታው 35 ለ 14 አለቀ፣ ሦስተኛውም በሽንፈት ተጠናቀቀ። ሁሉንም በሂል መውጣት ማላከክ አይገባም፤ ጆ ሮፍ የዊልኪንሰንን ቅብብል ጠልፎ ያስቆጠረው ትራይም (ኳስን ከባላጋራ የግብ መስመር ባሻገር መሬት ማስነካት) የጨዋታውን አቅጣጫ ቀይሯል። ያም ሆኖ ከሂል በኋላ አውስትራሊያ መሬት ላይ ያለውን ፉክክር እንደተቆጣጠረች ጨዋታውን ያየ ሁሉ ይመሰክራል።

የእንግሊዝ አሰልጣኝ ክላይቭ ዉድዋርድ ይህን ያውቅ ነበር። ሂል በ2003 የዓለም ዋንጫ ከጆርጂያ ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ቋንጃው ተጎዳ። ሌላ ተጫዋች በምትኩ ማስጠራት ይቻል ነበር፤ ዉድዋርድ ግን ሳምንታት ጠብቆ ለግማሽ ፍጻሜው አሰለፈው።

የዚያው ዓመት የፍጻሜ ጨዋታ ለዚህ ዓምድ ሌላም ነገር ያስተምራል። ሲድኒ፣ እንግሊዝ ከአውስትራሊያ፣ ጭማሪ ሰዓት፣ 17 ለ 17፣ የቀረው ከሁለት ደቂቃ በታች። ሁሉም የሚያስታውሰው የዊልኪንሰንን ድሮፕ ጎል (ኳስን መሬት አንጥሮ በግብ ቋሚዎቹ መካከል መምታት) ነው፤ ያውም በደካማው ቀኝ እግሩ። ኳሱ እሱ ዘንድ የደረሰበትን መንገድ ደግሞ እንየው። ሁከሩ (2 ቁጥሩ) ስቲቭ ቶምፕሰን ላይንአውቱን (ከጎን መስመር ወደ ሁለቱ ቡድኖች ሰልፍ የሚወረወረውን ኳስ) የወረወረው ወደ ሰልፉ የኋላ ጫፍ ነው። ይህ ከሁሉም የረዘመና በቀላሉ የሚበላሽ ውርወራ ነው፤ ትንሽ ቢጣመም ስክረሙ (ስምንት ለስምንት ተያይዘው የሚገፋፉበት) ለባላጋራ ይሰጥ ነበር። ተቀይሮ የገባው ሉዊስ ሙዲ ዘሎ ያዘ። ማይክ ካት ኳሱን ይዞ መሃል ገባ፤ ተከላካዮቹ ወደ እሱ ተሰበሰቡ። 9 ቁጥሩ ማት ዶውሰን በተፈጠረው ክፍተት ሾልኮ ሜትሮችን ቆረጠና ተጣለ። እዚህ ላይ ችግር ተፈጠረ፤ ለዊልኪንሰን የሚያቀብለው ዶውሰን ራሱ ከሰው ክምር ሥር ነው። ኒል ባክ ኳሱን አንስቶ ለአምበሉ ለማርቲን ጆንሰን ሰጠው፤ ጆንሰን ሁለት እርምጃ ብቻ ገፍቶ ወደቀ። ዓላማው ሜትር ማግኘት ሳይሆን ዶውሰን ተነስቶ ቦታው እስኪደርስ ጊዜ መግዛት ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ዓለም የሚያውቀው ምት የመጣው።

በዚያው ጨዋታ ፕሮፑ (የፊት ረድፍ 1 ወይም 3 ቁጥር) ጄሰን ሌናርድም አለ። በ35 ዓመቱ ፊል ቪከሪን ተክቶ ሲገባ የእንግሊዝ ስክረም በቅጣት ላይ ቅጣት እየተነፋበት ነበር፤ አውስትራሊያ 14 ለ 14 አቻ የሆነችውም በመደበኛው ሰዓት ማብቂያ ላይ ከስክረም በተገኘ ቅጣት ምት ነው። ሌናርድ ወደፊት ልግፋ አላለም። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ለዳኛው የሚነፋበት ምክንያት አሳጣው። የዚያን ቀን ከዚህ የበለጠ ጥቅም አልነበረም።

ጥያቄ፦ የዓመቱ የዓለም ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ፎርዋርዶችን (ከ1 እስከ 8 ቁጥር ያሉትን) ይበድላል የሚባለው እውነት ነው?

ግማሹ ብቻ። የወንዶቹ ሽልማት ከ2001 እስከ 2024 ድረስ 23 ጊዜ ተሰጥቷል፤ በ2020 አልነበረም። የኋላ ረድፍ ተጫዋቾች፣ ማለትም 6፣ 7 እና 8 ቁጥሮች፣ 10 ጊዜ ወስደውታል፤ ከዚህ ውስጥ ሦስቱ የሪቺ ማኮው ናቸው። 10 ቁጥሮች 7 ጊዜ፤ ካርተር ሦስት፣ ቦደን ባሬት ሁለት፣ ዊልኪንሰንና ጆኒ ሴክስተን አንድ አንድ። 9 ቁጥሮች 2 ጊዜ፣ የክንፍ ተጫዋቾች 2 ጊዜ። ሁከር አንድ ጊዜ፣ እሱም የመጀመሪያው ተሸላሚ ኪት ዉድ ነው። ሎክ (4 ወይም 5 ቁጥር) አንድ ጊዜ፣ ብሮዲ ሬታሊክ በ2014።

ፕሮፕ፣ ሴንተር (12 እና 13 ቁጥር) እና ፉልባክ (15 ቁጥር) በእነዚህ ዓመታት አንድም ጊዜ አልወሰዱም።

ስለዚህ ቅሬታው ከተነሳ አይቀር በትክክለኛው ቦታ ይነሳ። ፍላንከሮች (6 እና 7 ቁጥሮች) ተረስተዋል ማለት አይቻልም። የተረሱት ስክረሙን የሚሸከሙት 1 እና 3 ቁጥሮች፣ እንዲሁም መከላከያውን መሃል ላይ የሚያስተሳስሩት 12 እና 13 ቁጥሮች ናቸው።

ጥያቄ፦ ስክረም ሳይ የሚታየኝ የሰው ክምር ብቻ ነው። ጥሩ ፕሮፕን ከመጥፎው በምን ልለየው?

ይህን ጥያቄ ስላመጡልን ደስ ብሎናል፤ በራግቢ ውስጥ ከዚህ በላይ ሥራ ተሠርቶበት ከዚህ በታች የሚታይ ቦታ የለም።

መጀመሪያ በ1 እና በ3 መካከል ያለውን ልዩነት እንያዝ። 1 ቁጥር ሲገጥም ጭንቅላቱ በውጭ በኩል ነው፤ ግራ ትከሻው ነጻ ነው፣ ጭነት የሚቀበለው በቀኙ ነው። 3 ቁጥር ግን ጭንቅላቱ በባላጋራው 1 ቁጥርና በሁከሩ መካከል ይገባል። ሁለቱም ትከሻዎቹ ተጭነዋል። ከኋላው የራሱ ቡድን ይገፋዋል፣ ከፊቱ ሁለት ሰው ይገፋዋል። በትልልቅ ውድድሮች የአንድ ቡድን ስምንት ፎርዋርዶች ክብደት ተደምሮ 900 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ የዚህ ጭነት ትልቁ ድርሻ በ3 ቁጥር አንገትና ጀርባ ያልፋል። እሱ ከተንሸራተተ ስክረሙ በሙሉ ይሄዳል።

ዳኛው በተራ ሦስት ትእዛዝ ይሰጣል፤ ጎንበስ፣ ያዝ፣ ግጠም። በመጀመሪያው ላይ ወገባቸውን ይመልከቱ። ትከሻ ከዳሌ በታች መውረድ የለበትም፤ ከወረደ ስክረሙ ገና ሳይጀመር መሬት ሊወድቅ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። በሁለተኛው ላይ ክርናቸውን ይመልከቱ። 1 ቁጥር በግራ እጁ፣ 3 ቁጥር በቀኝ እጁ የባላጋራውን መለያ ከጀርባ ወይም ከጎን ይይዛሉ። እጅጌ ወይም አንገትጌ መያዝ አይፈቀድም። ክርኑ ወደ ላይ ወይም አግድም ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ወደ መሬት ከተጠቆመ ባላጋራውን ወደ ታች እየሳበው ነው። በሦስተኛው ላይ ኳሱን ይርሱት። ኳሱ ከመግባቱ በፊት የማን እግር ወደ ኋላ እንደተነሳ ብቻ ይዩ።

የተለመዱት ስህተቶች ሦስት ናቸው። እግር በጣም ወደ ኋላ ሲዘረጋ ሰውየው የሚገፋበት ጉልበት ያጣና በፊቱ ይደፋል። 1 ቁጥር ዳሌውን ወደ ውጭ አውጥቶ በአግድም ወደ ሁከሩ ሲገባ ስክረሙ ይዞራል፤ ዳኛው ካየው ቅጣት ነው፣ ካላየው 3 ቁጥሩ ደካማ ይመስላል። ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱም ውጭ ነው፤ ከኋላ ያለው ሎክ ዘግይቶ ሲገፋ ፕሮፑ ብቻውን ይቀራል፣ ወቀሳው ግን በእሱ ላይ ይወርዳል።

በ2019 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ዮኮሃማ ላይ የሆነውን ያስታውሱ። የእንግሊዝ 3 ቁጥር ካይል ሲንክለር በሦስተኛው ደቂቃ ተጎድቶ ወጣ። ዳን ኮል ገባ፤ ከደቡብ አፍሪካው 1 ቁጥር ከቴንዳይ ምታዋሪራ ጋር ገጠመ፣ ተገፋም። ደቡብ አፍሪካ 32 ለ 12 ስታሸንፍ ሃንድሬ ፖላርድ ከ32ቱ ነጥብ 22ቱን በእግሩ አስቆጥሯል፤ ስድስት ቅጣት ምትና ሁለት ኮንቨርዥን (ከትራይ በኋላ የሚመታ የ2 ነጥብ ምት)። ከቅጣቶቹ በርከት ያሉት የተገኙት ከስክረም ነው። ነጥቡ በፖላርድ ስም ተመዘገበ፤ ሥራው የምታዋሪራ፣ የሁከሮቹና በሌላው ጎን የነበረው የፍራንስ ማልኸርበ ነበር። ማልኸርበ በ2019ም በ2023ም የፍጻሜ ጨዋታ በ3 ቁጥር ጀምሮ ሁለት ዋንጫ ያነሳ ሰው ነው፤ ራግቢ ከሚወዱ አስር ሰዎች ስንቱ መልኩን እንደሚለይ ይጠይቁ። ስለ ኮልም አንድ ቃል እንበል። 3 ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከ50ኛው እስከ 60ኛው ደቂቃ ባለው ጊዜ ይቀየራል። ኮል ግን በቂ ሳይሟሟቅ ገብቶ የጨዋታውን ሸክም ከሞላ ጎደል ብቻውን ተሸከመ። ከ100 ጊዜ በላይ አገሩን ያገለገለን ሰው በዚያ ቀን ብቻ መመዘን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ፣ በግማሽ ፍጻሜው፣ እንግሊዝ ደቡብ አፍሪካን 15 ለ 6 ትመራ ነበር። ተቀይሮ የገባው 1 ቁጥር ኦክስ ንቼ የእንግሊዝን ስክረም ይገፋ ጀመር። ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩ ከስክረም ቅጣት ተገኘ፤ ፖላርድ ከ49 ሜትር መትቶ 16 ለ 15 አደረገው። የንቼ ስም በነጥብ ሰሌዳው ላይ የለም።

ጥያቄ፦ ጥሩ ተከላካይን ለመምረጥ የታክል (ኳስ የያዘን ሰው ይዞ የመጣል) ቁጥር ማየት ይበቃል?

አይበቃም፤ እንዲያውም ያሳስታል። ብዙ ታክል የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ኳስ ያጣው ቡድን ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ደካማ ነው ተብሎ ሆን ተብሎ የሚጠቃ ተጫዋች ነው። የደቡብ አፍሪካው ፍላንከር ፒተር ስቴፍ ዱቶይት በ2023ቱ ፍጻሜ ያደረጋቸው 28 ታክሎች ትልቅ የሆኑት ቁጥሩ ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ኒውዚላንዶችን ወደፊት ሳይሆን ባሉበት ወይም ወደ ኋላ ስለጣሉ ነው።

በቁጥር የማይታየው መከላከል ምን እንደሚመስል ማወቅ ለሚፈልግ ኮንራድ ስሚዝን እንጠቁማለን፤ የኒውዚላንድ 13 ቁጥር፣ 94 ጨዋታ፣ የ2011 እና የ2015 የዓለም ሻምፒዮን። 13 ቁጥር የሚከላከለው ቦታ ሰፊው ነው፤ በቀኙ ወይም በግራው ክፍት ሜዳ፣ ከውጭው አንድ ክንፍ ብቻ። ቀድሞ ከወጣ ኳሱ በላዩ ያልፋል፣ ከዘገየ ከውጭ ይዞሩታል። ስሚዝ ትልቅ ሰውነት አልነበረውም። አቋቋሙን በማስተካከል ብቻ ባላጋራው ኳሱን ወደ ውጭ ማቀበል ትቶ ወደ መሃል እንዲመለስ ያደርግ ነበር። ባላጋራው ያልሞከረው ቅብብል ደግሞ በየትኛውም ሰንጠረዥ አይመዘገብም። አጠገቡ የነበረው 12 ቁጥር ማአ ኖኑ በጉልበቱና በሩጫው ሲጨበጨብለት፣ ኖኑን ነጻ ያወጣው የስሚዝ አቋቋም ነው ብንል አላጋነንም።

ጥያቄ፦ ከትናንሽ ቡድኖችስ?

ከጆርጂያ ማሙካ ጎርጎዜ። በ2015 የዓለም ዋንጫ ካርዲፍ ላይ ኒውዚላንድ ጆርጂያን 43 ለ 10 ስታሸንፍ የጨዋታው ኮከብ የተባለው ከተሸናፊው ቡድን እሱ ነው። ከናሚቢያ ፍላንከሩ ዣክ በርገር፤ አገሩ በብዙ ነጥብ በተሸነፈችባቸው ጨዋታዎች እንኳ እስከ መጨረሻው ደቂቃ የባላጋራን እግር እያቀፈ የሚጥል ሰው ነበር። በክለብ ደረጃ ሳራሰንስ በ2014 የአውሮፓ ግማሽ ፍጻሜ ክለርሞንን 46 ለ 6 ሲረታ የጨዋታውን መንፈስ የወሰነው የእሱ መከላከል ነው።

ሦስተኛው የጃፓኑ ሎክ ሉክ ቶምፕሰን ነው፤ ከ2007 እስከ 2019 በአራት የዓለም ዋንጫ ተሰልፏል፣ የመጨረሻውን በ38 ዓመቱ። ጃፓን በ2015 ብራይተን ላይ ደቡብ አፍሪካን 34 ለ 32 ስታሸንፍ የሚታወሰው የካርን ሄስኬት ትራይና የአዩሙ ጎሮማሩ 24 ነጥብ ነው። ነገር ግን 32 ለ 29 እየተመሩ በሦስት ነጥብ ምት አቻ መውጣት ሲችሉ ስክረም መረጡ። ደቡብ አፍሪካ በቢጫ ካርድ ሰው ጎድሎባት ነበር፤ ቢሆንም ከዚያ ግዙፍ ቡድን ጋር ስክረም መምረጥ የሚቻለው የፊት ረድፉና ሎኮቹ እንደሚቆሙ ሲታመን ነው። ያን እምነት ያስገኙት ሁከሩ ሾታ ሆሪዬና እንደ ቶምፕሰን ያሉት ናቸው።

ጥያቄ፦ የሴቶቹን ራግቢ ዘላችሁት እንዳታልፉ። አንድ ሰው ጥቀሱ።

ጆአና ንጋንዉ፣ ኒውዚላንድ፣ ሎክ። 2022፣ ኤደን ፓርክ፣ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ። እንግሊዝ በ18ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ አንድ ተጫዋች አጥታ እንኳ እየተፎካከረች ነበር፤ መሣሪያዋ ከላይንአውት በኋላ የሚመጣው ሞል (ኳስ የያዘውን ሰው ቆመው ከበው የሚገፉበት) ነው። ሁከሯ ብቻዋን ሦስት ትራይ አግብታለች። 34 ለ 31፣ የመጨረሻው ጥቃት፣ ላይንአውት ከኒውዚላንድ መስመር በ5 ሜትር ላይ፤ ኳሱ ለእንግሊዝ።

እዚህ ቦታ ተከላካዩ ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ ሳይዘሉ መሬት ላይ ቆሞ ሞሉን ለማስቆም መዘጋጀት ነው፤ በዚያ ቀን ይህ ደጋግሞ ከሽፏል። ሌላው መዝለል ነው፤ ከተሳሳቱ ሁለት አንሺዎችና አንድ ዘላይ ከጨዋታ ውጭ ስለሚሆኑ ሞሉ ያለ ከልካይ ይገባል። ኒውዚላንድ ዘለለች። ተቀይራ የገባችው ንጋንዉ ኳሱን በአየር ላይ አበላሸችባቸው፤ በ30 ተከታታይ ድል የመጣችው እንግሊዝ ተሸነፈች። ዘላይ በትክክለኛው ቦታ ለመነሳት የምታነበው የወርዋሪዋን እጅ ሳይሆን የባላጋራ አንሺዎችን እግር ነው፤ የሚያነሱት ሰዎች ወደ አንዱ ወገን መጠጋት የሚጀምሩት ኳሱ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ነው።

ጥያቄ፦ በክለባችን በየዓመቱ የሚሸለመው ብዙ ትራይ ያገባው ነው። በሥራው የሚሸለም ሰው ለመምረጥ ምን እንቁጠር?

መጀመሪያ ካሜራውን ያስተካክሉ። ኳስን የሚከተል ካሜራ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በመሃል መስመር ትይዩ፣ ከፍ ካለ ቦታ፣ ቢያንስ ሁለቱንም የመከላከያ መስመሮች በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ይሁን።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ተጫዋች እንዲህ ይቁጠሩ። ራክ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኖ ደርሶ ተከላካይ ካስወገደ ወይም ኳሱን ከጠበቀ 1 ነጥብ፤ ደርሶ ዳር ከቆመ ምንም። ባላጋራን ወደ ኋላ የጣለ ታክል 2፣ ኳስ መንጠቅ 3። ታክል አድርጎ በአራት ሰከንድ ውስጥ ተነስቶ መስመሩ ላይ ከተመለሰ 1 ይጨመርለት፤ ይህን የሚቆጥር ክለብ ብዙም የለም፣ እኛ ግን ከሁሉም በላይ የምናምነው ይህን ነው። ለሳተው ታክል 1 ይቀነስ። ለሠራው ቅጣት 3 ይቀነስ፤ ምክንያቱም ባላጋራ በአንድ ምት ሊያገኘው የሚችለው ነጥብ ያው ነው።

ድምሩን በተጫወተበት ደቂቃ አካፍለው በ80 ያባዙት። ከ20 ደቂቃ በታች የተጫወተን ሰው በዚህ ስሌት አያስገቡ፤ ትኩስ ጉልበት ይዞ ለአጭር ጊዜ የሚገባ ሰው ሁሌም የበለጠ ይመስላል። 3 ቁጥርን ከ7 ቁጥር ጋር አያወዳድሩ፤ ፍላንከሩ በራክ ብዛት ሁልጊዜ ይበልጠዋል። እያንዳንዱን በራሱ ቦታ ካለው ተለዋጭና ከባላጋራው ተመሳሳይ ቁጥር ጋር ያስተያዩት። ለፕሮፖች የስክረም ውጤት ለብቻው ይመዝገብ፤ ባላጋራ ያስቀጣበት፣ የተቀጣበት፣ ኳሱ በሰላም የወጣበት።

ሁለት ሰው ለየብቻ ይቁጠር። የሁለቱ ድምር ከመቶ 10 በላይ ከተለያየ ያን ጨዋታ አብረው ደግመው ይዩት፤ ልዩነቱ ዘወትር የሚመጣው ራክ ላይ «ተከላካይ አስወገደ» የሚለውን አንዱ ለጋስ ሆኖ፣ ሌላው ጠበቅ አድርጎ ስለሚተረጉመው ነው። ለተጫዋቾቹ ደግሞ ምን እንደሚቆጠር ከውድድሩ በፊት ይንገሯቸው፤ ነጥባቸውን ግን በየሳምንቱ አይለጥፉ። ነጥቡ በየሳምንቱ ከተለጠፈ ሰዉ ለነጥብ ሲል ሦስት ሰው ወደማያስፈልገው ራክ ይሮጣል፤ ያኔ መከላከያው በሌላ በኩል ይሳሳል፣ ክንፉም ብቻውን ይቀራል።